ጸደይ በሆዳን

በቀደመው ዕትማችን ስለ ድሮው ባቡር የጻፍነውን ያነበቡ አንድ አባት፥ «የባቡሩን ታሪክ ነገራችሁን፤ መልካም። በባቡሩ ተሳፍረው የመጡት ልጆች እንዴት እንዳደጉ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም» ሲሉ ወቅሰውናል። ወቀሳውን ተቀብለናል። የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ አያጣም፤ የውልና የድንበር ታሪክም እንዲሁ። ልጅ በሰው አገር ጫማው እየጠበበው፥ ሱሪው እያጠረበት የሚያድግበት ታሪክ ግን ከእናቶች ጋር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ የምናውቀውን ያህል እንጽፋለን። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ሦስት ቤተሰቦች ነን። ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት በጂቡቲ ከተማ፥ በባልባላ በኩል ሆዳን በሚባለው ሰፈር፥ በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። አንዳችን ከወሎ፥ አንዳችን ከድሬዳዋ፥ አንዳችን ከአዲስ አበባ የመጣን ስንሆን፥ ሁለቱ ቤት ክርስቲያን፥ አንዱ ቤት እስላም ነው። በመካከላችን ሰባት ልጆች ነበሩ። ሆዳን ማለት በሶማሊኛ ሀብት፥ ብልጽግና ማለት ነው፤ ለሴት ልጅም ስም ይሆናል። የቤት ኪራይ ቀን በደረሰ ቁጥር በዚህ ስም ያልሳቅንበት ጊዜ የለም።

ባልባላ ራሱ ከአጥር ውጭ የተወለደ መንደር ነው። በነሐሴ 1958 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዤኔራል ደ ጎል ጂቡቲን በጎበኙ ጊዜ ነፃነት የሚጠይቅ ሰልፍ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። ከዚያ በኋላ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው ለማገድ ከተማዋን በሽቦ አጥር ከበባት። ፈቃድ የሌለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ያ ውጭ የቀረው ሕዝብ በእንጨት፥ በካርቶንና በቆርቆሮ የቀለሰው ጎጆ ነው እየሰፋ ሄዶ ባልባላ የሆነው። አገሪቱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ነፃ ከወጣች በኋላ አጥሩ ተነሣ፤ ባልባላም የከተማዋ አካል ሆነ። እንግዲህ ልጆቻችን የተጫወቱበት ምድር «አትግቡ» የተባሉ ሰዎች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ምድር ነው። ይህን ስናውቅ ጎረቤቶቻችን ስለምን እንደዚያ በቀላሉ እንደ ተቀበሉን የገባን መሰለን።

ወደ ጸደዩ እንመለስ። በመጋቢት 2011 ከልጆቻችን አንዷ፥ ያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው፥ ከገበያ በጥቂት ፍራንክ የገዛንላትን አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች። በገጹ ላይ ሐምራዊ አበባ የለበሰ ዛፍ፥ ወፎችና ካፖርታቸውን ያወለቁ ልጆች ተስለዋል። «እማዬ፥ ይኼ ጸደይ የሚሉት መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ መጋቢት 12 ቀን ይላል፤ ይኸውም ፈረንጆች ማርስ 21 የሚሉት፥ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ወቅት ነው። እናቷ ግን፥ «ጸደይማ መስከረም ነው፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ» አለቻት። አባቷ በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ስለ ሆነ ሁለቱንም አልተቀበለም። በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ዘመን በአራት ይከፈላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ስለዚህ ጸደይ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብሎ ፈረደ። የአበባውን ወራት ጸደይ ማለት የዘመኑ አነጋገር እንጂ የድርሳኑ አይደለም ሲልም አከለበት። እናቲቱ፥ «አበባ የሌለበት ጸደይ ለአንተ ይሁን» አለችው፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

አላበቃም እንጂ። በአጥር የምትጎራበተን፥ ልጆቹ ሁሉ ኤዶ እያሉ የሚጠሯት ሶማሊት እናት ነገሩን ሰምታ የራሷን አመጣች። በእነርሱ ዘንድ ዓመቱ አራት ነው፤ ጂላል፥ ጉ፥ ሐጋ፥ ዴይር። ጉ ማለት ከሚያዝያ ወዲህ ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ ግመል የሚወልድበት፥ ሣር የሚበቅልበት። የሰውም ዕድሜ የሚቆጠረው በጉ ነው። «ይቺ ልጅ ስንት ጉ አይታለች?» ብሎ መጠየቅ ስንት ዓመቷ ነው ማለት ነው። (ሐጋ የሚለው ቃል ከእኛ ሐጋይ ጋር በድምፅም በደረቅነትም ይቀራረባል፤ ዝምድና ይኑረው አይኑረው ለቋንቋ ሊቃውንት ትተነዋል።) ልጅቷ ከአራቱ መልስ የወደደችው የኤዶን ነበር። እርሳሷን አንሥታ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ «እኔ 9 ጉ ነኝ» ብላ ጻፈች።

እውነቱን ለመናገር ከአራቱ አንዱም ለሆዳን ልክ አልነበረም። በጂቡቲ ከተማ ነፋሱ የሚቀዘቅዘው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በሰኔና በሐምሌ ካምሲን የሚሉት አቧራ ያዘለ ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ ጥቂት ነው፤ ሲጥል ግን በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የእንቁጣጣሽ ዕለት በአገራችን ጠል የረገፈበት ሣር ሲሸተት በሆዳን ገና ሌሊት በላብ ተጠምቀን እናድር ነበር። ሴቶቹ ልጆች የሚለቅሙት አደይ ስላልነበረ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን በመቀስ ቆርጠው አበባ ያበጁ ነበር። ወንዶቹ ፀሐይና መልአክ ስለው በየደጁ ሲያድሉ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሥዕሉን ተቀብለው ከሳንቲም ጋር ብስኩት ይሰጧቸዋል። የመልአኩን ሥዕል ግን አንዳንዱ ቤት አይቀበልም ነበርና ልጆቹ ራሳቸው መክረው ለዚያ ቤት መርከብ ይስሉ ጀመር። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

የልጆቹን ቁመት በግቢው በር መቃን ላይ በሚስማር እየጫርን እንለካ ነበር። የምንለካው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ማግሥት። ለምን እነዚያን ቀኖች እንደ መረጥን ዛሬ ስናስበው፥ አዲስ ልብስ የሚገዛው በእነዚያ ቀኖች ስለ ሆነ ነው፤ ሳንለካ ከገዛን ገንዘቡ ይባክናል። ከጭረቶቹ አንድ ነገር አስተውለናል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ጠባብ። በሙቀቱ ወራት ልጅ ውኃ እንጂ እንጀራ አያምረውም። ሙቀቱ ሲሰበር ምግብ ይጀምራል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በዱላ ዳቦ ሲበሉ፥ ቀን ላይ ከኤዶ ቤት ላሖህ ሲበሉ፥ ማታ ደግሞ እኛ ቤት እንጀራ ሲበሉ የምናየው የዚያ ሰሞን ነበር። ጤፉ ከአገር ስለሚመጣ ውድ ነው፤ ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት ጋር አደባልቀን እንጋግር ነበር። ልጆቹ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ሲቀርብላቸው «ዛሬ ማን ሊመጣ ነው?» ይሉናል።

በቀን ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይለዋወጣል። በመንገድ ሶማሊኛ፥ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፥ በቤት አማርኛ። ከልጆቹ ትንሹ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ቋንቋ የሰዎች ሳይሆን የቦታዎች ይመስለው ነበር፤ ደጃፉን ሲረግጥ በአንድ እግሩ ውስጥ ሆኖ አማርኛ፥ በሌላው ውጭ ሆኖ ሶማሊኛ እየተናገረ ይጫወት ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ ይመራመራሉ። የጂቡቲ መብራት ከ2003 ጀምሮ በከፊል ከኢትዮጵያ በሽቦ ይመጣል፤ በኋላም ከሶማሌ ክልል ከሲቲ ዞን የመጠጥ ውኃ በቧንቧ ይመጣ ጀመር። ጫቱማ በየቀኑ ይመጣል። አንዱ ወንድ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ፥ «መብራቱም ውኃውም ከአገራችን በነፃ ያልፋል፤ ታዲያ እኛ ወረቀት የሚጠየቀው ለምንድን ነው?» አለ። በነፃ እንዳይደለ፥ በዋጋ እንደ ሆነ አስረዳነው። ለሁለተኛው ጥያቄው ግን ዞር ብለን ሻይ አፈላን።

በዚህ ከተማ ልጆቹን ይዞ የመጣ ኢትዮጵያዊ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በዚያ ሐዲድ ቤተሰብ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። ከሁሉ የታወቀው በሚያዝያ 1928 የሆነው ነው። ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቀርብ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነቤተሰባቸው ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ተነሥተው በማግሥቱ ጂቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 26 ቀን ኤንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ፤ በማግሥቱ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ስለ ንጉሡ መውጣት ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም። እኛ ግን ልጆች ስላሉን ዓይናችን የሚያርፈው በልዑል ሣህለ ሥላሴ ላይ ነው። ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። የአምስት ዓመት ልጅ በባቡር መስኮት የሚያየው አቧራና ግመል እንጂ የመንግሥት መውደቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በእንግሊዝ አገር፥ ባዝ በምትባል ከተማ ኖሩ፤ አምስተኛው ዓመት ሲሞላ የተመለሱት ልጅ የሄዱት ልጅ አልነበሩም። በባሕረ ሐሳብ ብንቆጥር የወጡበት ቀን በጸደይ ውስጥ ነው።

ብዙዎቻችሁ በቤተሰባችሁ የምታውቁት ሌላው ዘመን 1969 እና 1970 ነው። በአንድ ወገን የሶማሊያ ጦርነት፥ በሌላ ወገን በከተሞች ቀይ ሽብር ሆኖ፥ ሕዝብ ወደዚህች ነፃነቷን ገና ወደ ተቀበለች አገር ጎረፈ። የባቡሩ ድልድዮች በጦርነቱ ስለ ፈረሱ ብዙው ሰው በእግሩ ነው የመጣው። በዲኪልና በአሊ ሳቢዬ ካምፕ ተተከለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ የሚከብደው። በ1975 የጂቡቲና የኢትዮጵያ መንግሥታት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምተው ስደተኛውን በፈቃዱ ወደ አገሩ የመመለስ ዕቅድ ወጣ፤ በ1976 ሰዎች በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ እንደ ነበረ በጊዜውም በኋላም ብዙ አከራክሯል። አንዳችን ከእናቷ እንደ ሰማችው፥ በዚያ ዘመን የአባትና የእናት ክርክር ሁሉ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነበር። «እዚህ ምን ሆኖ ያድጋል?» ይላል አንዱ። «እዚያስ ያድጋል ወይ?» ይላል ሌላው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ በመካከል ተቀምጦ ያዳምጣል።

ያ ክርክር ወደ እኛም ግቢ የመጣው በ2012 ጸደይ ነው። ዓመቱ ከመነሻው መልካም አልነበረም። በኅዳር የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ፤ ብዙ ቤት በጎርፍ ተበላሸ። በመጋቢት የኮሮና በሽታ ገባና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ታወጀ። በቀን ሥራ የምንኖር ሰዎች ሥራው ቆመ። ሰባት ልጆች፥ ስድስት ትልልቅ ሰዎች፥ አንድ ግቢ፥ አንድ ቧንቧ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ የግቢውን መሬት በከሰል ከፋፍለው «አገር» አደረጉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ወረቀት ይጠይቃሉ። ትንሹ ልጅ ወረቀት ስላልነበረው አንድ ሙሉ ከሰዓት በቧንቧው ሥር ተቀምጦ ዋለ። በመጨረሻ እናቱ ከስኳር ከረጢት ቀዳ መታወቂያ ሠራችለት።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ለሦስቱም ቤት አንዲት ዶሮ ገዛን። ለሰባት ልጆች ዶሮ እንዴት እንደሚካፈል የሚያውቅ ያውቃል። ማግሥቱን በበሩ መቃን ላይ ለካናቸው፤ ትልቋ ልጅ እናቷን አንገቷ ጋ ደርሳለች። በሦስተኛው ቀን፥ ሚያዝያ 13፥ ሰማዩ ተከፈተ። በጂቡቲ የሚያዝያ ዝናብ የታወቀ ነው፤ በሚያዝያ 1981 ከተማዋን አጥለቅልቋል፥ በሚያዝያ 1996 የአምቡሊ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ባልባላ ከአምቡሊ ወዲያ ማዶ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ይሁን እንጂ ውኃው ከላይ ሲወርድ በየመንደሩ መካከል መንገድ ያበጃል። በእኛ ግቢ እስከ ጉልበት ደረሰ። ልጆቹን በአልጋና በጠረጴዛ ላይ አወጣናቸው። ዱቄቱ ሄደ፥ ፍራሹ ሄደ፥ ደብተሮቹ ሄዱ፤ ያ ሐምራዊ ዛፍ ያለበት የፈረንሳይኛ መጽሐፍም ሄደ። ልጅቷ ያለቀሰችው ለመጽሐፉ አልነበረም፤ «ጉዬ የተጻፈበት ነው» ብላ ነው።

ውኃው ከሸሸ በኋላ ረመዳን ገባ። ኤዶ ቤትም ውኃ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ማታ ማታ ከማፍጠሪያዋ ሳምቡሳ በሰሐን ሞልታ በአጥር ትሰጠን ነበር። ለእስላሙ ቤት ብቻ ነው ብለን ስንመልስላት ተቆጣችን። «የእኔ ሰሐን ሃይማኖት የለውም» አለች።

በዚያ ወር ነው ወደ ካምፕ እንሂድ ወይስ እንቆይ የሚለው የተነሣው። የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቅሞብናል። በካምፕ ራሽን አለ፥ ኪራይ የለም። በታኅሣሥ 2009 የወጣው የስደተኞች ሕግ የመማርና የመሥራት መብት እንደ ሰጠ እናውቃለን። በካምፖቹ ለብዙ ዓመታት የኬንያ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ እንደ ነበረና ከ2009 ወዲህ ወደ ጂቡቲ ሥርዐተ ትምህርት እየተዛወረ መሆኑንም ሰምተናል። አባቶቹ በአንድ ወገን፥ እናቶቹ በሌላ ወገን ሆነው ሦስት ሌሊት ተከራከሩ። አንደኛው አባት፥ «በራሽን የሚያድግ ልጅ እጁን መዘርጋት ይለምዳል» ሲል፥ ሚስቱ፥ «ያለ ራሽን የሚያድገውስ? እርሱ ምን ይለምዳል?» አለችው። ትልቋ ልጅ እንደ ተኛች ስናስብ ከመጋረጃው ወዲያ፥ «እዚያ ከሄድን እኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ?» ብላ ጠየቀች። ያን ሌሊት ከእኛ መካከል መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ የዚያን ዓመት ትምህርት ሳትጨርስ አንነሣም የሚለው ውሳኔ የተወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው እንጂ በአባቶች ጥበብ አይደለም። ለኪራዩ አንዲት የእናቶች የጆሮ ወርቅ ተሸጠች። የማን እንደ ሆነች መጻፍ ባለቤቷ ከልክላናለች።

የተነሣነው በ2013 መስከረም ነው። ዕቃው በፒክአፕ ከተጫነ በኋላ ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲለኩ ጠየቁን። ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ለካናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ሁሉም ከአንድ ጣት በላይ አላደጉም፤ ትልቋ ብቻ እናቷን ትከሻ ለትከሻ ሆናለች። መቃኑን ነቅለን እንውሰድ ያለም ነበር፤ ቤቱ የሰው ነውና አልተቻለም። ኤዶ በስልክ እንደ ነገረችን ከእኛ በኋላ የገቡት ተከራዮች የየመን ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፥ ከእኛ ጭረቶች ጎን በኖራ እየለኩ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ይህ የሦስት ቤት ታሪክ ብቻ ነው። በመካከላችሁ በ1976 በዚያ ባቡር በልጅነቱ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ ዳግም የተመለሰ፥ ወይም በዲኪልና በአሊ ሳቢዬ ካምፕ የተወለደ ካለ፥ ያስታወሰውን ጽፎ እንዲሰጠን እንለምናለን። መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚጽፉ ሁለት ተማሪዎች አዘጋጅተናል። አንደኛዋ «ስንተኛ ክፍል ነኝ» ያለችው ናት። ወረቀቱን እኛ እናቀርባለን፤ እርሳስ ግን ጥቂት ነው ያለን።